ቾይስ፣ ኦፕሽን ወይስ ኦልተርኔቲቭ? የትኛውን የት እንጠቀም

እንግሊዝኛ ስትጽፉ «አማራጭ» ወይም «ምርጫ» የሚለው ሐሳብ ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ቆም ብሎ ያውቃል? የእኔ ለዓመታት ሲቆም ኖሯል። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ቾይስ ምርጫ ነው ይለኛል። ኦፕሽንም ምርጫ ነው። ሰሌክሽንም ምርጫ። ኦልተርኔቲቭ ደግሞ አማራጭ፣ አለዚያም ምርጫ። ኢሌክሽን ጭምር ምርጫ ነው። አምስት ቃል ተሰልፎ አንድ ትርጉም ይዞ ሲመጣ፣ «በቃ ያው ነው» ብሎ አፍ ላይ የመጣውን መጻፍ ይቀላል።

ግን ያው አይደለም። አንዱን በሌላው ቦታ ስታስገቡት አንዳንዴ ማንም ልብ አይለውም። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩ ጆሮ ይቆረቁራል። አንዳንዴ ደግሞ ያላሰባችሁትን ትላላችሁ።

ጥፋቱ የመዝገበ ቃላቱ ብቻ አይደለም። አማርኛ በአንድ ሥር ብዙ ይሠራል። መረጠ ካልን ምርጫ፣ መራጭ፣ ተመራጭ፣ ምርጥ፣ አማራጭ፣ ማማረጥ ሁሉም ከዚያው ይበቅላሉ። እንግሊዝኛ ግን ለዚሁ ጉዳይ ቃላቱን ከየቤቱ ነው የሰበሰበው። ከላቲን አለ፣ ከፈረንሳይኛ አለ፣ ከግሪክ አለ፣ ከራሱ ከጥንቱም አለ። እያንዳንዱ ቃል የመጣበትን ቤት ጠባይ ይዞ መጥቷል።

እኔን የረዳኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ቃሉ በአማርኛ ምን ማለት ነው?» የሚለውን ተውኩና «ምርጫው አሁን የት ደርሷል?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መምረጥ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ነገሮች ፊታችን ይደረደራሉ። ከዚያ ልባችን ወደ አንዱ ያዘነብላል። ከዚያ አንዱን እናነሳለን። በመጨረሻ ነገሩ ይቆረጣል። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ደረጃ የየራሱ ቃል አለው። ይህን ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ ቀላል ነው።

ኦፕሽን ወይስ ቾይስ?

በጣም የሚምታቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ።

ኦፕሽን ፊታችን የተደረደረው ነገር ነው። ገና ማንም አላነሳውም። «ዊ ሃቭ ስሪ ኦፕሽንስ» ስንል ሦስት ነገር ቀርቦልናል፣ የትኛውን እንደምንወስድ ገና ነው። ጣታችሁን ዘርግታችሁ «አንደኛው ይህ፣ ሁለተኛው ያ» ብላችሁ መቁጠር ከቻላችሁ ኦፕሽን በሉት። አይሳሳትም።

ቾይስ ከዚያ ይሰፋል። የማንሳቱ ተግባር ራሱ ቾይስ ነው። የማንሳት መብቱም ቾይስ ነው። ያነሳነው ነገርም ቾይስ ነው። «ኢት ዋዝ ኤ ሃርድ ቾይስ» ስንል ከባዱ መምረጡ ነው። «ፍሪደም ኦቭ ቾይስ» ስንል የመምረጥ ነፃነት ነው፣ እዚህ ላይ ቃሉ አይቆጠርም፣ ብዙ ቁጥርም አይሆንም። «ዚስ ኢዝ ማይ ቾይስ» ስንል ደግሞ «እኔ የመረጥኩት ይህን ነው» ማለታችን ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው ግሱ ላይ ነው። ምርጫ ሲደረግ እንግሊዝኛ «ሜክ ኤ ቾይስ» ይላል። ብዙዎቻችን «ምርጫ አደረግሁ» ከሚለው ተነስተን «ዱ ኤ ቾይስ» እንላለን፤ እሱ አይሆንም። «ሜክ ኤን ኦፕሽን»ም አይባልም። ምክንያቱም ኦፕሽን የሚደረግ ነገር አይደለም፣ ያለ ነገር ነው። ኦፕሽን ይኖረናል፣ ይሰጠናል፣ እናየዋለን፣ እናመዛዝነዋለን። ቾይስን ግን እኛ እናደርገዋለን።

ከዚህ የተነሳ ቾይስ ውስጥ ኃላፊነት አለ። አንድ ሰው «ዛት ዋዝ ዩር ቾይስ» ቢላችሁ መረጃ እየሰጣችሁ ላይሆን ይችላል። «አንተው ነህ የመረጥከው፣ ውጤቱም የአንተው ነው» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ዛት ዋዝ ዋን ኦቭ ዩር ኦፕሽንስ» ቢል ግን ያ ጫና የለም። ቀርቦልህ ነበር ማለት ብቻ ነው። ሰው ሲወቅሱም ሲያጽናኑም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አማርኛው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። ሁለቱ ዛፎች ኦፕሽን ናቸው። አንዱን ትቶ አንዱ ላይ መውጣት ቾይስ ነው። ቾይስ ሁልጊዜ የሚተው ነገር አለበት።

አሁን ደግሞ ደንቡ የሚላላበትን ልንገራችሁ። ቾይስም አንዳንዴ ለተደረደሩት ነገሮች ይውላል። በፈተና ላይ «መልቲፕል ቾይስ» የምንለው ራሱ ማስረጃ ነው። «ዜር አር ፎር ቾይስስ» ማለት ትክክል ነው። ስለዚህ ለሚቆጠር ነገር ቾይስ ብትሉ አልተሳሳታችሁም። በተቃራኒው ግን ኦፕሽንን ለመምረጥ ተግባር ብትጠቀሙት ትሳሳታላችሁ። ሁለት ልብ ስትሆኑ ቾይስ የበለጠ ያስተማምናል የምለው ለዚህ ነው።

የቃላቱ ትውልድም ይህንኑ ይናገራል። ኦፕሽን ከላቲን «ኦፕታሬ» የመጣ ነው፣ መመኘት፣ መምረጥ ማለት። በሮም ጦር ውስጥ የመቶ አለቃው ራሱ የሚመርጠው ምክትል «ኦፕቲዮ» ይባል ነበር። ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድን የሚገልጸው «አዶፕት»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፣ ለራስ መምረጥ እንደማለት። የመነጽር ባለሙያው «ኦፕቲሽያን» ግን ዘመድ አይደለም። እሱ ከማየት የመጣ የግሪክ ቃል ነው።

«ቹዝ» ደግሞ የጥንቱ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የሩቅ ሥሩ ከመቅመስ ጋር አንድ ነው። በላቲን «ቀመሰ» የሚለው ቃል የሥጋ ዘመዱ ነው። ቀምሶ ማወቅ፣ ከዚያ መውሰድ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቾይስ የሚለው ቃል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይታየኛል። ኦፕሽን ሰው ባይኖርም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቾይስ ቅጽል ሲሆን «ምርጥ» ማለት ነው፣ ልክ እንደ አማርኛው። ግን «ቾይስ ወርድስ» ሲባል ተጠንቀቁ። «ሂ ሃድ ሰም ቾይስ ወርድስ ፎር ሚ» የሚለው ምርጥ ቃል ተናገረኝ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ «በኃይለ ቃል ወረደብኝ» ማለት ነው።

ኦልተርኔቲቭ የሚጠይቀን ጥያቄ

ኦልተርኔቲቭ ብቻውን አይቆምም። ከላቲን «አልተር» ነው የመጣው፣ ከሁለት አንዱ፣ ሌላኛው ማለት። ስለዚህ ይህን ቃል ስትሰሙ ወዲያው «ከምን ሌላ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀድሞ የነበረ፣ የታሰበ ወይም የተለመደ ነገር መኖር አለበት። ዋናው መንገድ ሲዘጋ የምንሄድበት «ኦልተርኔቲቭ ሩት» ነው። አንድ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሐኪሙን «ኢዝ ዜር አን ኦልተርኔቲቭ?» ብሎ ይጠይቃል። «በሱ ፋንታ ሌላ አለ?» ማለቱ ነው። ከዚህ በፊት ምንም ሳይነሳ ዘው ብላችሁ «ኦልተርኔቲቭ» ብትሉ ግን ሰሚው የጎደለውን ይፈልጋል።

መስተዋድዱ «ቱ» ነው። «አን ኦልተርኔቲቭ ቱ ሰርጀሪ» የቀዶ ሕክምና ምትክ ማለት ነው። ኦፕሽን ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ሥሩ «ከሁለት አንዱ» ስለሆነ፣ ቃሉ ከሁለት በላይ ለሆነ ነገር መዋል የለበትም የሚሉ የቋንቋ ጥንቁቆች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። የዛሬ መዝገበ ቃላት ግን ሦስትና አራት ኦልተርኔቲቭ ማለትን ይቀበላል። እኔም በዚህ አትጨነቁ እላለሁ።

መጨነቅ ያለባችሁ ኦልተርኔት የምትለዋ አጭሯ ቃል ላይ ነው። ከኦልተርኔቲቭ ጋር ትመሳሰላለች፣ ትርጉሟ ግን ሌላ ነው። «ኦን ኦልተርኔት ዴይስ» ማለት አንድ ቀን እየዘለሉ ማለት ነው። መድኃኒት ላይ ይህ ተጽፎ ካያችሁ ዛሬ ወስዳችሁ ነገ ዘላችሁ ከነገ ወዲያ ትወስዳላችሁ። «አማራጭ ቀን» ብሎ የተረጎመው ሰው በፈለገው ቀን ሊወስደው ነው። ይህ የፈተና ነጥብ የሚያስቀንስ ስሕተት ብቻ አይደለም፣ ጤና የሚነካ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው አሜሪካውያን «ኦልተርኔት»ን ለ«ኦልተርኔቲቭ»ም መጠቀማቸው ነው። «አን ኦልተርኔት ሩት» ይላሉ፣ ልክ ነው። ለጸሐፊ ግን ምክሬ ግልጽ ነው። ለተተኪ ነገር ኦልተርኔቲቭ፣ ለተራ በተራ ኦልተርኔት። ይህን የለየ ጸሐፊን የትም አገር ያለ አንባቢ ይረዳዋል።

ምርጫ ሲጠፋ

ሦስቱ ቃላት አንድ የሚሆኑበት ቦታ አለ። እሱም ምርጫ የሌለበት ቦታ ነው። «አይ ሃድ ኖ ቾይስ»፣ «አይ ሃድ ኖ ኦፕሽን»፣ «አይ ሃድ ኖ ኦልተርኔቲቭ» ሁሉም ይባላል። ከኋላው «በት ቱ» ይከተላል። «አይ ሃድ ኖ ቾይስ በት ቱ ዌይት።» እዚህ ላይ «በት» ግን ማለት አይደለም፣ በስተቀር ማለት ነው። «ከመጠበቅ በስተቀር ምርጫ አልነበረኝም» በሉና ቃል በቃል ይገጥማል። ከ«በት ቱ» በኋላ ግሱ እንዳለ ይቀመጣል፣ «ዌይቲንግ» ወይም «ዌይትድ» አይሆንም። ከሦስቱ በንግግር በብዛት የሚሰማው ቾይስ ነው። ኦልተርኔቲቭ መደበኛ ደብዳቤ ላይ ያምራል።

ምርጫ ያለ መስሎ ለሌለበት ሁኔታ ደግሞ እንግሊዝኛ የሰው ስም ተበድሯል። «ሆብሰንስ ቾይስ» ይባላል። ቶማስ ሆብሰን እ.ኤ.አ. ከ1544 እስከ 1631 የኖረ የካምብሪጅ ሰው ነው። ዕቃና ደብዳቤ ያመላልስ ነበር፣ ፈረስም ያከራይ ነበር። ተከራዩ ሁሉ ፈጣኑን ፈረስ ብቻ እየመረጠ አስቸገረ። ጥሩዎቹ ፈረሶች በድካም አለቁ። ሆብሰን ታዲያ አንድ ደንብ አወጣ። ለበሩ ቅርብ የሆነውን ፈረስ ውሰድ፣ አለዚያ ሂድ። በጋጣው ሞልቶ የቆመ ፈረስ ይታያል፣ የሚሰጥህ ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀርቦላችሁ «ከፈለግህ ውሰድ፣ ካልፈለግህ ተወው» ስትባሉ ያ ሆብሰንስ ቾይስ ነው። ሁለት መጥፎ ነገር መካከል መያዝ አይደለም። ለእሱ ሌላ ቃል አለው።

ያ ቃል ዲሌማ ነው። አማርኛው «አጣብቂኝ» በደንብ ይተካዋል። ከግሪክ የመጣ ሲሆን መነሻው ላይ ያለችው «ዲ» ሁለት ማለት ናት። ሁለት መንገድ፣ ሁለቱም የሚጎዳ። እንግሊዞች «ዘ ሆርንስ ኦቭ ኤ ዲሌማ» ይላሉ፣ የአጣብቂኝ ቀንዶች። ከአንዱ ቀንድ ብትሸሹ ሌላው ይወጋችኋል። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ሥራ ቀርቦላችሁ የትኛውን ልውሰድ ብትሉ፣ በጥብቁ ትርጉም ያ ዲሌማ አይደለም። «ኤ ታፍ ቾይስ» በሉት። ሰው በንግግር ዲሌማን ላልቶ ሲጠቀምበት ትሰማላችሁ፣ ግን በጽሑፍ ላይ ቃሉን ለከባዱ ነገር ብታስቀምጡለት ጉልበቱን ይጠብቃል።

ልብ ሲያዘነብልና ነገር ሲቆረጥ

ፕሪፈረንስ ከማንሳት በፊት ያለው ዝንባሌ ነው። ከላቲን ሲተረጎም ወደ ፊት አድርጎ መያዝ ማለት ነው፣ የእኛ «ማስቀደም» ጎረቤቱ ነው። ቅጽ ላይ «ፕሪፈረንስ» የሚል ሣጥን ስታዩ የሚጠየቀው «ቢሆንልህ የትኛውን ትወዳለህ?» ነው። ቃል ኪዳን አይደለም። ጠያቂው ያንን እሰጣለሁ አላለም። መልስ ሰጪውም ሌላውን አልቀበልም አላለም። «ቾይስ» ቢል ኖሮ ግን መልሳችሁ የመጨረሻ ይመስል ነበር። ማመልከቻ ስትሞሉ ይህን ልዩነት አትለፉት።

ግሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አማርኛችን «ከመንዳት ይልቅ በእግር መሄድ እመርጣለሁ» ስለሚል፣ «ከ...ይልቅ» ሲመጣ እጃችን ወደ «ዛን» ይሮጣል። ፕሪፈር ግን «ቱ»ን ነው የሚፈልገው። «አይ ፕሪፈር ዎኪንግ ቱ ድራይቪንግ።» «ዛን» መጠቀም ከፈለጋችሁ «ዉድ ራዘር»ን ውሰዱ። «አይ ዉድ ራዘር ዎክ ዛን ድራይቭ።» ሁለቱን አትቀላቅሉ። ስታነቡትም ግሱ ላይ ድምፅ የሚጠነክረው መጨረሻው ላይ ነው፣ ስሙ ላይ ግን መጀመሪያው ላይ።

ዲሲዥን ደግሞ መጨረሻው ላይ ይቆማል። ይህ ቃል ደስ ይለኛል። ላቲኑ መቁረጥ ማለት ነው። የቀዶ ሐኪም ቢላ የሚያወጣው መስመር «ኢንሲዥን» የሚባለውም ከዚሁ ነው። እኛስ ምን እንላለን? «ቁርጥ ውሳኔ»። «ቁርጡን ንገረኝ»። «ቆርጬ ተነሳሁ»። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ቢላ ይዘው ተገኙ። ይህን አንዴ ካሰባችሁት ዲሲዥንን ከቾይስ ጋር አታምታቱትም። ቾይስ ከተደረደሩት መካከል ማንሳት ነው። ዲሲዥን ማመንታቱን መቁረጥ ነው። ምንም ሳይደረደርላችሁ «አይ ዲሳይድድ ቱ ስቶፕ» ማለት ትችላላችሁ። ማንም ሁለት ነገር አላቀረበላችሁም፣ እናንተ ግን ቆርጣችኋል።

ሁለቱም ወይስ አንዳቸውም?

ይህኛው ክፍል ከስሞቹ ይልቅ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። እኔም ወድቄበታለሁ።

አንድ ጊዜ ለቀጠሮ ሁለት ሰዓት ቀረበልኝ። ሁለቱም አይመቹኝም ነበር። ስለዚህ «አይ ካንት ሜክ ቦዝ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። «እሺ፣ ታዲያ የትኛው ይመችሃል?» ይላል። ተናደድኩ። አይመቸኝም አልኩ እኮ! ጥፋቱ ግን የሰውዬው አልነበረም። በእንግሊዝኛ ያልኩት «ሁለቱንም አንድ ላይ አልችልም» ነው። ይህም ማለት አንዱን እችላለሁ ማለት ነው።

አማርኛ «ሁለቱም አይመቹኝም» ሲል ሁለቱንም ይዘጋል። እንግሊዝኛ ውስጥ «ቦዝ» ከአሉታ ጋር ሲመጣ ጥንዱን ነው የሚሰብረው። ሁለቱንም ለመዝጋት «ኒዘር» ወይም «አይዘር» ያስፈልጋል። «ኒዘር ወርክስ ፎር ሚ» ወይም «አይ ካንት ሜክ አይዘር»። ኒዘር ራሱ አሉታ ስለሆነ ሌላ አሉታ አይጨመርበትም። አይዘር ግን አሉታውን ከግሱ ይዋሳል።

አዎንታ ላይ ስንመጣ አይዘር ሌላ መልክ አለው። «አይዘር ኢዝ ፋይን» ማለት «የትኛውም ይሁን፣ አንዱን ብቻ» ማለት ነው። «ቦዝ አር ፋይን» ግን ሁለቱም ጥሩ ናቸው ማለት ነው፣ ምናልባት ሁለቱንም ልታመጡልኝ ትችላላችሁ። አነባበቡ አይዘርም ኢዘርም ይሆናል፣ ሁለቱም ትክክል ነው። ነገሩ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን አይዘርና ኒዘር ቦታቸውን ይለቃሉ። «ኤኒ» እና «ነን» ይመጣሉ።

ጥያቄ ስትጠይቁም እንዲሁ። የተቆጠረ ነገር ካለ «ዊች»፣ መስኩ ክፍት ከሆነ «ዋት»። ሁለት ቀለም አሳይታችሁ «ዊች ከለር ዱ ዩ ዎንት?» ትላላችሁ። ምንም ሳታሳዩ «ዋት ከለር?» ትላላችሁ። ስትመርጡ ደግሞ ሁለት ነገር ካለ «ቹዝ ቢትዊን»፣ ዝርዝር ከሆነ «ቹዝ ፍሮም» ይከተላል።

ግሶቹን በአጭሩ

ቹዝ ለሁሉም ይሆናል። ከባድም ቀላልም ይሸከማል። ፒክ ቀለል ያለ የእጅ ሥራ ነው። «ፒክ ኤ ነምበር» ስትባሉ ብዙ አታስቡ ማለት ነው። ሰሌክት ጠንቀቅ ያለ ነው፣ መስፈርት አለው፣ ኮምፒውተርና ስልክ ላይም የለመድነው እሱን ነው። ለሥራ ሰው ሲመረጥ «ሰሌክትድ» ይባላል፣ «ፒክድ» ቢባል አቅልሎ ማየት ይመስላል። ኢሌክት በድምፅ ነው። ቅጽሉ «ኢሌክቲቭ» ግን ሆስፒታል ውስጥ ያሳስታል። «ኢሌክቲቭ ሰርጀሪ» ባይደረግም የሚቀር ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም። ድንገተኛ ስላልሆነ ቀን ተቆርጦለት የሚሠራ ማለት ነው፣ በጣም አስፈላጊ ሊሆን ይችላል።

ኦፕት ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም በየስልካችን አለ። «ኦፕት ኢን» ማለት ፈልገህ መግባት ነው። ዝም ካልህ አልገባህም። «ኦፕት አውት» ደግሞ በነባሪነት ገብተሃል፣ ካልፈለግህ ውጣ ማለት ነው። ዝም ካልህ ገብተሃል። ሁለቱም የመምረጥ መብት ይሰጣሉ፣ ዝምታህን የሚተረጉሙት ግን ተቃራኒ በሆነ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የአካል ልገሳ ፈቃድን አነጻጽረው ነበር። «ኦፕት አውት» በሚሠራባት ኦስትሪያ ፈቃዱ ከ99 በመቶ በላይ ነበር። «ኦፕት ኢን» በሚሠራባት ጎረቤቷ ጀርመን 12 በመቶ ብቻ። እነዚህን ሁለት ትንንሽ ቃላት ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ ቅጽ ስትሞሉ ከኦፕት ኋላ ያለችውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ስለ አነባበብ አንድ ነገር። የአሁኑ ግስ ቹዝ ነው፣ በረጅም ኡ። ያለፈው ቾዝ። ከ«ሃቭ» ጋር ሲሄድ ቾዝን። ስሙ ቾይስ። ግሶቹ ውስጥ የሚሰማው ዝ ነው፣ ስሙ ግን በስ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ «ቹስ» ስንል ነው የምንሰማው። ሲጻፍም ያለፈው ጊዜ አንድ ኦ ብቻ አለው፣ የአሁኑ ሁለት።

እንዴት ነው የሚለመደው?

ቃላቱን በካርድ ላይ ለየብቻ ጽፎ መሸምደድን ሞክሬያለሁ። ትርጉሙን ያስይዛል፣ ልዩነቱን ግን አያስይዝም። ሁሉንም በአንድ ታሪክ ውስጥ ማስቀመጥ በእኔ ላይ የበለጠ ሠርቷል። ታሪኩ የራሳችሁ ቢሆን ይመረጣል፣ በቅርቡ የወሰናችሁት አንድ ጉዳይ። ለናሙና ይህን ተመልከቱ።

«አይ ሃድ ስሪ ኦፕሽንስ፦ ስቴይ፣ ሙቭ፣ ኦር ዎርክ ፍሮም ሆም። ማይ ፕሪፈረንስ ዋዝ ቱ ስቴይ። ዜን ዚ ኦፊስ ክሎዝድ፣ ሶ ስቴይንግ ዋዝ ኖ ሎንገር አን ኦፕሽን። ዚ ኦንሊ ኦልተርኔቲቭ ቱ ሙቪንግ ዋዝ ዎርኪንግ ፍሮም ሆም። አይ ቾዝ ዛት። ኢት ዋዝ ማይ ቾይስ።»

በአማርኛ ስናየው፣ ሦስት አማራጭ ነበረኝ፤ መቆየት፣ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር፣ ወይም ከቤት መሥራት። ልቤ ያዘነበለው ወደ መቆየት ነበር። ከዚያ ቢሮው ተዘጋና መቆየት ከዝርዝሩ ወጣ። ከመዛወር ሌላ የቀረው ከቤት መሥራት ብቻ ሆነ። እሱን መረጥኩ። ምርጫው የራሴ ነው።

አሁን ፕሪፈረንስን አውጡና ዲሲዥን አስገቡበት። «ማይ ዲሲዥን ዋዝ ቱ ስቴይ» ይሆናል። ሰዋስው አልተበላሸም፣ ታሪኩ ግን ተለወጠ። ሰውየው ወስኖ ነበር፣ ውሳኔው በሌላ ኃይል ፈረሰ። ቀጥላችሁ የመጨረሻውን ቾይስ አውጡና ኦፕሽን አስገቡ። «ኢት ዋዝ ማይ ኦፕሽን»። ኃላፊነቱ ጠፋ፣ የተወሰነው ነገርም እንደገና ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ።

ቃላቱን በወረቀት ሸፍናችሁ ከጓደኛ ጋር ባዶውን ሙሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ዚ ኦንሊ ኦፕሽን» ብሎ ይጀምርና «ቱ ሙቪንግ» ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ላይ አትንገሩት። «ከምን ሌላ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ቃሉን ራሱ ያገኘዋል።